«ፖምፓውን ክፈትልኝ» እና ሌሎች የቦሎ ሰሞን ስሕተቶች

የቦሎ ማደሻ ሲደርስ ደሴ ውስጥ ያለ ጋራዥ ሁሉ አንድ ዓይነት ወሬ ይሰማል። ጭስ ምርመራ ላይ የወደቀ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዘዴ ነው፤ ጥገና የሚያስታውሰው ዘዴው ሲያልቅበት ነው። እነዚህን ዘዴዎች ከሃያ ዓመት በላይ ሰምቻቸዋለሁ። አንዳንዶቹን ያስተማሩኝ የገዛ አለቆቼ ናቸው፣ አልዋሽም።

«አሮጌ መኪና አያልፍም።» ያልፋል። መሣሪያው ሊብሬ አያነብም።

«ላምባ ቀላቅልበት፣ ጭሱ ይጠፋል።» ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋው የፖምፓው የውስጥ ዕቃ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ላምባ ያደርቀዋል። ለአንድ ቀን ምርመራ ፖምፓ ትገድላላችሁ።

«ነጭ ጭስ ጤና ነው።» በደሴ ብርድ ጠዋት ሲነሣ እንፋሎት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመና የራዲያተሩ ውኃ እየጎደለ ከሄደ ግን የቴስታታውን (የሞተሩን ክዳን) ጓርኒሲዮን አስፈትሹ። ሰማያዊ ከሆነ የሚቃጠለው ዘይት ነው፤ ወፍራም ዘይት ያለቀ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አያድስም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ሐረጎን አልወጣ አለኝ፣ ፖምፓውን ጨመር አድርገህ ክፈትልኝ።»

ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የደሴ አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። አንድ ኪሎ ናፍጣ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ቢያንስ 14 ኪሎ ተኩል ያህል አየር ይፈልጋል፤ ጭስ እንዳይኖር ደግሞ ከዚያም በላይ። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ከፍታው ከሰጠው በላይ አየር ከየት ያመጣል? ፖምፓው ሲከፈት የሚጨመረው ናፍጣ ብቻ ነው። አየር የሚጨምር ቡሎን የለም! ያልተቃጠለው ጥላሸት ሆኖ በማርሚታ ይወጣል፣ ከኋላ የሚመጣው ሰው መስኮቱን ይዘጋል። (የቤንዚን መኪናም ቢሆን ካርቡራተሩ ኮምቦልቻ ተስተካክሎ ደሴ ከተፈተሸ ቤንዚን ይበዛበታል። የምትፈተሹበት ከተማ አስተካክሉት።)

ባለፈው ዓመት እህል የሚጭን አንድ የአይሱዙ ሾፌር መጣ። ሁለት ጋራዥ ፖምፓ አስከፍቶ ሁለት ጊዜ ወድቋል። «አብሽር ወንድሜ፣ ትንሽ ብቻ ጨምርልኝ» አለኝ። የአየር ፊልትሮውን አውጥቼ ወደ አምፖሉ አነሣሁት፤ ብርሃን አያሳልፍም። ሲሚንቶው ላይ ሳራግፈው አቧራና የጤፍ ገለባ ዘረገፈ። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈተሽኩ፤ ሦስቱ እንደ ጉም ሲረጩ አራተኛው እንደ ተበላሸ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ኖዝሉ ተቀየረ፣ ፊልትሮው ተቀየረ፣ ፖምፓው ወደ ልኩ ተመለሰ።

ከዚያ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገር። ለምርመራ በቀዝቃዛ ሞተር አትሂዱ። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ዳገት የበዛበት መንገድ ንዱት፣ ጥላሸቱ ይጽዳ። ሰልፍ ላይ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እያሠራችሁ አታቆዩት። ማርሹ ፎሌ (ነፃ) ሆኖ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ የምታዩትን ጭስ እዚያ ከማየት እዚህ ጋራዥ እዩት። ፊልትሮ አውጥታችሁም አትሂዱ፤ አቧራ የገባበት ሞተር ከቦሎ በላይ ያስከፍላል።

ሾፌሩ አለፈ። በሳምንቱ ቦሎውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ተመልሶ መጣ። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ እጄን ጠርጌ ወጣሁ።

«አሁንማ አልፌያለሁ» አለኝ፤ «እስቲ ትንሽ ክፈትልኝ።»