«ቋንቋውን ልቻልና ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ»

ጀርመን በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት እሁድ እሁድ ቤት እውል ነበር። የአማርኛ ጉባኤ ያለበት ከተማ በባቡር ሁለት ሰዓት ይርቃል። ከቤቴ ፊት ለፊት ግን የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማኛል። «መጀመሪያ ቋንቋውን ልቻል» እያልኩ ዓመቱ አለፈ። አሁን ድረስ ይቆጨኛል። ስለዚህ አዲስ የመጡ ወንድምና እህቶች ያንኑ ሲሉኝ ዝም ማለት አልችልም።

«ካልገባኝ ሄጄ ምን እሠራለሁ?»

ስብከቱ መጀመሪያ ላይ አይገባችሁም፤ እውነት ነው። አምልኮው ግን ስብከት ብቻ አይደለም። እኔ ያደግኩት በመካነ ኢየሱስ ነው፤ አያቴ ግን ኦርቶዶክስ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ በግእዝ አስቀድሳለች። ግእዝ አትናገርም፤ ሆኖም የቱ ጋ እንደሚሰገድ፣ የቱ ጋ ምን ተብሎ እንደሚመለስ አሳምራ ታውቅ ነበር።

እዚህም ሥርዓቱ በየሳምንቱ ይደጋገማል። የመጀመሪያው እሁድ ሕዝቡ «ኪሪየ ኤላይሶን» ብሎ ሲዘምር ሰውነቴን ወረረኝ። በሰሙነ ሕማማት ከአያቴ ጋር ስሰግድ የሰማሁት «ኪርያላይሶን» ነዋ! ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ጌታ ሆይ ማረን» ማለት ነው። አሜንና ሃሌ ሉያም ያው ናቸው።

«አባታችን ሆይ»ን ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ ይላል። «ኡንዘር ቴግሊሸስ ብሮት ጊብ ኡንስ ሆይተ» ሲሉ «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» እንደሆነ ልባችሁ አስቀድሞ ያውቀዋል። «ስጠን» የሚለውን በጀርመንኛ የለመድኩት ከክፍል ይልቅ እዚያ ነው። የመዝሙሩ ቁጥር ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ መጽሐፉን ከፍቶ መከተል ነው።

ለስብከቱም መላ አለው። በጀርመን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ለየእሁዱ የሚሰበክበት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል አስቀድሞ የተመደበ ነው፤ ምድቡ በስድስት ዓመት ይዞራል። ቅዳሜ ማታ ክፍሉን ፈልጋችሁ በአማርኛ አንብቡት። ታሪኩ የጠፋው ልጅ መሆኑን ካወቃችሁ፣ «ፋተር» (አባት) እና «ዞን» (ልጅ) የሚሉትን ሁለት ቃላት ይዛችሁ ብዙ ርቀት ትሄዳላችሁ። በጀርመንኛ ለማንበብ የሉተር ትርጉም ውብ ነው፤ ለጀማሪ ግን ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሙሉው የወጣው ባዚስቢበል የተባለው ትርጉም ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ስለሆኑ ከእሱ ብትጀምሩ ይሻላል።

«ከሄድኩ ግብር ይቆረጥብኛል»

ይሄ ወሬ ብዙ ሰው አስቀርቷል። የቤተ ክርስቲያን ግብር የሚከፍለው በአባልነት የተመዘገበ ሰው ነው። በባየርንና በባደን ቩርተምበርግ 8 በመቶ፣ በሌሎቹ ክፍለ ሀገራት 9 በመቶ ነው። ያውም ከደመወዙ አይደለም፤ ከገቢ ግብሩ ላይ ተሰልቶ ነው። ገብቶ ለሚያመልክ ሰው ማንም ሒሳብ አይጠይቅም። ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ቦታ ነው፦ አድራሻ ስታስመዘግቡ የሃይማኖት ጥያቄው ላይ የምትሞሉት ነገር። ሳትጠይቁ አትሙሉት።

«ጀርመኖች ቀዝቃዛ ናቸው፣ ማንም አያናግረኝም»

የመጀመሪያዎቹ እሁዶች ላይ ላያናግሯችሁ ይችላሉ። እኔንም ሦስት ሳምንት ማንም አላናገረኝም። አራተኛው ላይ አጠገቤ የሚቀመጡ አንዲት እናት ክንዴን ይዘው ወደ ቡናው ወሰዱኝ። ብዙ ቦታ ከአምልኮ በኋላ ቡና አለ፤ ትውውቁ ያለው እዚያ ነው። ፓስተሩም በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ይጨብጣል። «ኢሽ ለርነ ኖኽ ዶይች» በሉት፤ ገና ጀርመንኛ እየተማርኩ ነው ማለት ነው። ደግሞ አረጋውያኑ አጠገብ ተቀመጡ። ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ ይደግሙላችኋል፣ ጊዜም አላቸው። መንግሥት ለአዲስ መጤዎች ያዘጋጀው የውህደት ኮርስ 600 ሰዓት ቋንቋ ያስተምራል፤ እንደነዚያ እናት ስሜን እየጠራ «እንዴት ሰነበትክ?» የሚለኝ ሰው ግን ያገኘሁት ቤተ ክርስቲያን ነው።

«ወገኔን መተው ይሆንብኛል»

አይሆንም። እኔ በወር አንዴ ወደ አማርኛው ጉባኤ እሄዳለሁ። ሐዘን ሲመጣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማልቀስ ያስፈልጋል፤ ያንን ማንም አይተካውም። በጀርመኖቹ መካከል ሆኜም የግል ጸሎቴ በአማርኛ ነው። ደግሞስ እዚህ አገር የመጀመሪያ እንግዶች አይደለንም። ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እ.ኤ.አ. በ1534 ቪተንበርግ ከተማ ድረስ መጥቶ ከማርቲን ሉተር ጋር ስለ እምነት ተነጋግሯል። የሉተር ሙሉ የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በዚያው ዓመት ነው።

አምልኮው ብዙ ቦታ በእነሱ 10 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይጀመራል። አሥር ደቂቃ ቀደም በሉ። የመዝሙር መጽሐፉን ከበሩ አጠገብ ታገኙታላችሁ።