የአካባቢ አስተዳደር የጥቅም ግጭትን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መመርመር

የጥቅም ግጭት የሚባለው አንድ ባለሥልጣን በሕዝብ ስም የሚሰጠው ውሳኔ የራሱን ወይም የቤተሰቡን ኪስ ሲነካ ነው። የምክር ቤት አባሏ የባለቤቷ ድርጅት የተወዳደረበትን ጨረታ ታጸድቃለች። የመሬት ኃላፊው አዲሱ መንገድ በወንድሙ ቦታ አጠገብ እንዲያልፍ ይወስናል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ዝምድናና ንግድ መተሳሰሩ አይቀርም፤ ግጭት መኖሩም ብቻውን ወንጀል አይደለም። ጥፋቱ ደብቆ መወሰን ነው።

ለዚህ ነው ብዙ አገሮች ባለሥልጣናት ሀብትና ጥቅማቸውን እንዲያሳውቁ የሚጠይቁት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከንቲባዎችና የከተማ ምክር ቤት አባላት ጥቅማቸውን የሚገልጽ ቅጽ ይሞላሉ፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሕግ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2011 ሕግ የምክር ቤት አባላት ኃላፊነቱን ከያዙ በ28 ቀናት ውስጥ ጥቅማቸውን እንዲያስመዘግቡ ያዛል። ያለ በቂ ምክንያት ያላስመዘገበ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል።

ችግሩ የሚያነበው ሰው ማጣቱ ላይ ነው። ማስረጃው ብዙ ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ቢሆንም ተበታትኗል። የጥቅም ቅጹ አንድ ቢሮ ነው፣ የንግድ ምዝገባው ሌላ ቢሮ። የጨረታው ውጤት ሦስተኛ ቦታ ይገኛል። ማን እጁን እንዳወጣ የሚታወቀው ደግሞ ከረጅም ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው። ድሮ ይህን የሚከታተል የአካባቢ ጋዜጠኛ ነበር። በብዙ አገሮች እነዚያ ጋዜጦች ተዘግተዋል፤ ወንበሩም ባዶ ቀርቷል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ስካን የተደረገ ወረቀት ያነባል፣ የስብሰባ ቅጂን ወደ ጽሑፍ ይቀይራል፣ ከዚያ ውስጥ ስም፣ ድርጅት፣ ቀንና የገንዘብ መጠን ይለቅማል። ቀጥሎ የተለቀመውን ያገናኛል፤ ይህ ሰው የዚያ ድርጅት ባለድርሻ ነው፣ ያ ድርጅት ይህን ጨረታ አሸንፏል፣ ድምፅ የሰጠውም ይኸው ሰው ነው። ሰዎችንና ድርጅቶችን እንዲህ በመረብ የማያያዝ ዘዴ በጋዜጠኞች ዘንድ በደንብ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 በፓናማ ሰነዶች ምርመራ፣ ማለትም ከአንድ የሕግ ድርጅት ባፈተለኩ የድብቅ ኩባንያ ሰነዶች ምርመራ ነው። ያኔ 11.5 ሚሊዮን ፋይሎች ነበሩ።

ብራዚል በዚህ ብዙ ርቀት ሄዳለች። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2016 በጎ ፈቃደኞች ሮዚ የምትባል ፕሮግራም ሠርተው የፌዴራል እንደራሴዎችን የወጪ ደረሰኝ አስመረመሩ። የሥራው ውጤት በኋላ ወደ ከተሞች ወረደ፤ ኬሪዶ ዲያሪዮ የተባለው ፕሮጀክት የማዘጋጃ ቤቶች ውሳኔ የሚታወጅባቸውን ይፋዊ ጋዜጦች ሰብስቦ አንድ ቃል በመጻፍ እንዲፈተሹ ያደርጋል። አገሪቱ ከ5,500 በላይ ማዘጋጃ ቤቶች ስላሏት ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። በዩክሬን ደግሞ ፕሮዞሮ የተባለው የጨረታ ሥርዓት መረጃውን ለሁሉም ክፍት ስላደረገ፣ ሙስናን የሚታገለው ድርጅት ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ዩክሬን እ.ኤ.አ. በ2018 አጠራጣሪ ጨረታዎችን የሚጠቁም መሣሪያ አወጣ። መሣሪያው የተማረው ባለሙያዎች ስለ ጨረታዎች ከሰጡት ዳኝነት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ስም ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ስም ይጋራሉ። አንዱ ሰው ደግሞ በሦስት ሰነድ ላይ በሦስት አጻጻፍ ይገኛል። ተንኮለኛው ድርጅቱን በአማቹ ስም ያስመዘግባል፤ አማችነት ደግሞ የትኛውም መዝገብ ላይ ላይሰፍር ይችላል። ማሽኑ ከዚህ ሁሉ የሚያወጣው ግምት ነው። ግምቱ ከተሳሳተ የንጹሕ ሰው ስም ይጠፋል፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ የጠፋ ስም ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ የስም መመሳሰል ብቻውን ለምንም አይበቃም። የትውልድ ቀን፣ አድራሻ ወይም ፊርማ መመሳከር አለበት።

ለጥያቄ በጽሑፍ የሚመልሱት ቻትቦቶችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። «ይህ አባል የጥቅም ግጭት አለበት?» ብሎ ለሚጠይቃቸው ሰው የሌለ ድርጅት ፈጥረው በሙሉ ልብ ሊመልሱ ይችላሉ። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩትም አንዳንዴ ማንም ያልተናገረውን ዓረፍተ ነገር ይጨምራሉ። ጠንቃቃ መርማሪ ለእያንዳንዱ ግኝት ሰነዱንና ገጹን ይጠይቃል፣ ቅጂውን ራሱ ያዳምጣል። ከዚያ ስልክ ደውሎ ባለጉዳዩ መልስ እንዲሰጥ ዕድል ይሰጠዋል። የጠቋሚን ማንነት የሚያጋልጥ ሰነድ ደግሞ በፍጹም በማንም ቻትቦት ላይ አይጫንም።

ጥርጣሬ እንደ ፍርድ ሲወሰድ ምን እንደሚሆን ኔዘርላንድስ አሳይታለች። የግብር መሥሪያ ቤቱ የልጆች እንክብካቤ ድጎማ ተቀባዮችን አጠራጣሪነት በስልተ ቀመር፣ ማለትም ኮምፒውተር በሚከተለው የስሌት ደንብ ይመዝን ነበር፤ ዜግነትም አንዱ መመዘኛ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ያለ ጥፋታቸው አጭበርባሪ ተባሉ። በዚህ ቅሌት የተነሳ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 መንግሥቱ ሥልጣን ለቀቀ። እዚያ የተጎዱት ተራ ዜጎች ናቸው፤ አደጋው ግን ለሚመረመር ባለሥልጣንም፣ በተለይ ሥልጣን ለሌላቸው ዘመዶቹ ያው ነው።

በእኔ እምነት ትልቁ ጥቅም ከቅሌት በኋላ ከሚደረገው ምርመራ ይልቅ ከድምፅ በፊት ባለው ሰዓት ነው። የምክር ቤቱ ጸሐፊ የነገውን አጀንዳ ከአባላቱ የጥቅም ምዝገባ ጋር ያስተያያል። መመሳሰል ከተገኘ አባሉን «ይህ ጉዳይ ይመለከትሃል፣ ከውይይቱ ውጣ» ይለዋል። ማንም ሳይዋረድ ጨረታው ንጹሕ ይሆናል። ለዚህ ግን ምዝገባው ወቅታዊና ማሽን የሚያነበው መሆን አለበት። ቅጹ በእጅ ተሞልቶ፣ ደብዝዞ ስካን ተደርጎ ከተቀመጠ ጸሐፊው ያለው አማራጭ አንድ በአንድ ማንበብ ነው።