«የሰይጣን ገንፎ»፦ አባባሉ ከወዴት መጣ?

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር» እንላለን። ማንም የማይፈራውን፣ ለአራስ የሚቀርበውን ልስልስ ምግብ እንኳ ጠርጥር ማለት ነው። እንግሊዞች ደግሞ «የሰይጣን ገንፎ» የሚሉት ነገር ነበራቸው። የእነሱ ገንፎ ስንጥር የተደበቀበት ሳይሆን ራሱ ሞት ነበር።

ስያሜውን ያወጣው የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በስኮትላንድና በእንግሊዝ ወሰን፣ ግሬትና አጠገብ የተሠራውን የባሩድ ፋብሪካ ጎበኘ። እዚያም ሴቶች በትልልቅ ገንዳዎች በእጃቸው ሲያቦኩ አየ። የሚያቦኩት በአሲድ የታከመ ጥጥና ናይትሮግሊሰሪን ነበር፤ ሁለቱም ለየብቻቸው እንኳ የሚቀጣጠሉና የሚፈነዱ ናቸው። ሲቀላቀሉ ወፍራም ሊጥ ይሆናሉ። ከሥሩ እሳት የማይነድበት ገንፎ! ሊጡ በማሽን ተጨምቆ እንደ ገመድ ይወጣል፤ ኮርዳይት የተባለውም ገመድ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ያኔ የመድፍ አረርን ከአፈሙዙ የሚያስወነጭፈው እርሱ ነበር።

ፋብሪካው የተሠራው በችግር ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ጦር የመድፍ ጥይት አጥሮት መንግሥት ተናወጠ፤ በሎይድ ጆርጅ የሚመራ የጦር መሣሪያ ምርት ሚኒስቴርም ተቋቋመ። የአረሩን ቀፎ በየከተማው ያሉ ባለቶርኖዎች ሊቀርጹት ይችላሉ፤ ያለ ባሩድ ግን ቀፎው ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ ግሬትና 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ተዘርግቶ፣ በሳምንት 800 ቶን ኮርዳይት እስከማምረት ደረሰ። በ1917 ከ11 ሺህ በላይ ሴቶች ይሠሩበት ነበር፤ ወንዶቹ የእነርሱን ግማሽ እንኳ አይሞሉም።

ብዙዎች አባባሉን ስለ ፍንዳታ ብቻ አድርገው ይወስዱታል። እኔ ግን ጉልበቱ ያለው «ገንፎ» በሚለው ቃል ላይ ይመስለኛል። ገንፎ የእናት እጅ ሥራ ነው፤ የወለደችው እንድትጠነክርበት ይማሰላል። እዚያ ግን ያው የሴት እጅ፣ ያው ማቡካት፣ የሌላ እናት ልጅ ለሚወድቅበት አረር ዋለ። ሴቶቹ በኬሚካሉ ትነት ራሳቸው እየዞረ፣ ቤተሰብ ለማስተዳደርና ግንባር ያሉ ወንድሞቻቸውን ለመርዳት ሠሩ። ሊፈረድባቸው አይገባም።

በየበሩ ይፈተሹ ነበር። ክብሪት ብቻ ሳይሆን የፀጉር መያዣ ሽቦ እንኳ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ብረት ከብረት ተፋጭቶ አንዲት ብልጭታ ካወጣ ገንዳውም ሴቶቹም አይተርፉም። የዚያ ገንፎ ስንጥር ያቺ የፀጉር ሽቦ ነበረች።