ላይሲቴ ምንድን ነው?

ላይሲቴ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ብዙ ጊዜ «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» ተብሎ ይተረጎማል። ትርጉሙ ልክ ነው፤ ግን ዋናው ነገር ይቀረዋል። ከሃይማኖት ገለልተኛ መሆን ያለበት ማነው? መንግሥት ነው ወይስ መንገድ ላይ የሚሄደው ሰው?

በ1905 (ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የወጣው የፈረንሳይ ሕግ መልሱን ያስቀምጣል። አንደኛው አንቀጽ የኅሊና ነፃነትን ያረጋግጣል። ሁለተኛው ደግሞ መንግሥት ለየትኛውም ሃይማኖት ዕውቅና፣ ደመወዝም ሆነ ድጎማ አይሰጥም ይላል፤ እስከዚያ ድረስ የቄሶች ደመወዝ ከመንግሥት ካዝና ነበር የሚወጣው። ስለዚህ የታሰረው የመንግሥት እጅ ነው።

ሕጉ ሲረቀቅ አንድ የምክር ቤት አባል፣ ቄሶች ቀሚሳቸውን ለብሰው አደባባይ እንዳይወጡ እንከልክል አለ። ረቂቁን ይዞ የቀረበው ሶሻሊስቱ አሪስቲድ ብሪያን አልተስማማም። ይሄን ብንከለክል ቄሶችና ልብስ ሰፊዎች ተመካክረው ሌላ ልብስ ያመጣሉ፣ ቀሚሱ እንደ ማንኛውም ልብስ ይታይ ብሎ ተከራከረ። የክልከላው ሐሳብም ወደቀ። እኔ ላይሲቴን የምረዳው በዚህ ነው።

በኋላ ግን ገመዱ ወደ ዜጋው ዞረ። በ1989 ክሬይ በምትባል ከተማ ሦስት ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሻሻችንን አናወልቅም ስላሉ ታገዱ። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ የሃይማኖት ምልክት ማድረግ በራሱ ከላይሲቴ ጋር አይጋጭም የሚል አስተያየት ሰጠ። በ2004 ግን ጎላ ያለ የሃይማኖት ምልክት ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በሕግ ተከለከለ። ትንሽ መስቀል ያልፋል። ሻሽ፣ ኪፓ (የአይሁድ ወንዶች ቆብ) እና የሲኮች (ከሕንድ የመጣ ሃይማኖት ተከታዮች) ጥምጥም አያልፉም። ልጅቷ በር ላይ ፈትታ፣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፤ ስትወጣ መልሳ ታስራለች።

የሕጉ ደጋፊዎች በቤተሰብ ወይም በሰፈር ጫና የሚለብሱ ልጆች አሉ ይላሉ። እውነት ነው፣ ቀላል ነገርም አይደለም። ግን ሕጉ የተገደደችውንና ወድዳ የለበሰችውን አይለይም፤ ሁለቱንም እኩል ነው የሚያስወልቃቸው።

ሌላ መንገድም አለ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 በኩቤክ ግዛት የሚማር አንድ የሲክ ተማሪ ኪርፓኑን፣ ማለትም ሃይማኖቱ የሚያዘውን ትንሽ ጩቤ፣ ይዞ እንዲማር ፈቀደ። ቅድመ ሁኔታው ጩቤው ሰገባው ውስጥ ሆኖ ከልብሱ ሥር እንዲሰፋ ነበር። በ2019 ግን ያችው ኩቤክ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራንና ፖሊሶች ሥራ ላይ ሳሉ የሃይማኖት ምልክት እንዳያደርጉ ከለከለች። የሕጉ ስም ላይ ያለው ቃል ላይሲቴ ነው።