የሱስ ማገርሸት ጥናት፣ ከጅማ ሲታይ

በ1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሄሮይን፣ ሲጋራና አልኮል የተዉ ሰዎችን ውጤት በአንድ ግራፍ ላይ አስቀመጡ። ሦስቱ መስመሮች በጣም ይመሳሰሉ ነበር። ብዙው ሰው ያገረሸበት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። በ1980ዎቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪው አላን ማርላት ደግሞ ሰው መቼ እንደሚመለስ አጠና። አብዛኛው የሚመለሰው ሲከፋው፣ ሲጣላ ወይም ጓደኛ ሲገፋፋው ሆኖ አገኘው። «አንዴ ከቀመስኩ በኋላማ አለቀልኝ» ማለትም ከቅምሻው በላይ ይጎዳል።

ጅማ ላይ እነዚህ ሁሉ የሚገናኙት በርጫ ላይ፣ ማለትም ሰዎች ተሰብስበው ጫት በሚቅሙበት ቦታ ነው። ከምሳ በኋላ ፍራሽ ይነጠፋል። ውሃና ለውዝ ይቀርባል፣ ሲጋራ ይከተላል። ካቲኖን የተባለው የጫት አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ይዳከማል። ስለዚህ ጫት በየቀኑ ትኩስ ትኩሱ ገበያ ይወጣል፤ ለመተው የወሰነውም ሰው ፈተናው በየቀኑ ትኩስ ነው። ሲያቆም ድካም፣ ሐራራና ዱካክ የሚሉት ቅዠት ይመጣሉ። እነዚህ በአብዛኛው በቀናት ውስጥ ይቀላሉ። ጓደኞቹ ግን እዚያው ናቸው። ምርቃናውን፣ ማለትም የጫቱን ንቃት፣ በጨብሲ (በመጠጥ) መስበር የለመደ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል፦ ጫቱን ትቶ ቢራውን ቢቀጥል የድሮው ማኅበር መልሶ ይስበዋል።

ለጫት ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ያለው ምክር ነው። ጥሩው ምክር «ተው» ብሎ አያቆምም፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የት ልትሆን ነው ብሎ ይጠይቃል።

ሁሉም ቃሚ ሱሰኛ ነው ማለት አይደለም። ለዱዓ ተሰብስበው የሚቅሙ አባቶች ራሳቸውን በዚህ ዓይን አያዩም። መጠይቅ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ካልለየ ነገሩ ይደባለቅበታል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1999 እ.ኤ.አ. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጫት ብዙ ተጠንቷል፤ ከሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሠሩም አሉበት። ብዙዎቹ ግን አንድ ቀን ሄደው «ትቅማለህ?» ብለው የሚመለሱ ናቸው። ስንቱ እንደሚቅም ይነግሩናል። ትቶ የተመለሰውን ለማወቅ ግን ያንኑ ሰው ደጋግሞ ማግኘት ያስፈልጋል። የሚያስቆጨው መንገዱ መኖሩ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጊልጌል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከል በየቤቱ እየተመላለሰ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ሲመዘግብ የኖረ ነው። በዚያው ጉዞ «ጫት ተውክ? ተመልሰህስ ጀመርክ?» ብሎ መጨመር ያን ያህል ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም።