ጡት ማስያዣን በቤት መስፋት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ሲንጀር ያለበት ቤት ብዙ ነው። መጋረጃው፣ የትራስ ልብሱ፣ የልጆች ዩኒፎርም፣ ሽቲ ቀሚሱ ሳይቀር እቤት ይሰፋል። ጡት ማስያዣ ላይ ሲደረስ ግን «እሱማ የፋብሪካ ሥራ ነው» ይባልና ድሬዳዋ ያለው ታይዋን ገበያ ተሂዶ ከተደረደረው ውስጥ የቀረበው ይገዛል። ልኩ ያልሆነውን ለብሶ መዋል እንደ ልማድ ተቆጥሯል። ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ ከቀሚስ የሚበልጥ ምሥጢር የለውም። ሴቶችን ከሥራው የሚያርቋቸውን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጡትን የሚሸከመው ማንገቻው ነው»

አይደለም። የሚሸከመው ከጡት ሥር ደረትን የሚዞረው ቀበቶ ነው። የማንገቻ ሥራ ካፑን (ጡቱ የሚያርፍበትን ጎድጓዳ ክፍል) ከደረት ጋር አስጠግቶ መያዝ ነው። ለማረጋገጥ የለበሳችሁትን ጡት ማስያዣ ሁለቱንም ማንገቻ ከትከሻ ላይ አውርዱ። ቀበቶው በቦታው ከቆየ ልኩ ደህና ነው፤ ወደ ታች ከተንሸራተተ ሰፍቷችኋል። ከኋላ ወደ ላይ እየወጣ የሚያስቸግር ቀበቶም እንዲሁ ሰፊ ነው።

ማንገቻ ትከሻዋን እየቆረጠ ያስቸገራት ሴት ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ ማንገቻ ትፈልጋለች። ሰፊ ማንገቻ ጫናውን ያሰራጨዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ መጥበብ ያለበት ቀበቶው ነው። ከባድ ጡት ያላት ሴት «ተፈጥሮሽ ነው፣ ቻይው» እየተባለች ዓመታት በትከሻና በጀርባ ሕመም ማሳለፏ ያሳዝናል። ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልጋት ቀበቶው ላይ ጥቂት ሴንቲ መቀነስና ካፑን ማስፋት ነው።

«ጡቴ ትልቅ ስለሆነ ቁጥሬ 40 ነው»

ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ደረት ዙሪያ ነው። ስለ ጡት መጠን የሚናገረው ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደል ነው። ሜትር ይዛችሁ ከጡት ሥር፣ ትንፋሽ አውጥታችሁ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ለኩ። ቀጥሎ ጡት ከሁሉ በላይ ወጣ ባለበት ቦታ ዙሪያውን ሳታጠብቁ ለኩ። ሜትሩ ከኋላ እንዳይወርድ ሌላ ሰው ቢያግዛችሁ ይሻላል። በአውሮፓ አለካክ የሁለቱ ልዩነት ከ12 እስከ 14 ሴንቲ ሲሆን ካፑ ኤ ነው፤ እስከ 16 ቢ፣ እስከ 18 ሲ፣ እስከ 20 ዲ፣ እስከ 22 ኢ ይባላል።

ለምሳሌ ከጡት ሥር 79፣ በጡት ላይ 98 የሆነች ሴት ልዩነቷ 19 ነው። ልኳ 80 ዲ ነው፤ በኢንች የተጻፈ ከሆነ 36 ዲ ማለት ነው። ይህች ሴት ገበያ ላይ 36 ዲ ስታጣ 40 ቢ ትለካና «ልኬ ነው» ትላለች። አልተሳሳተችም፣ ካፑ ይይዛታል፤ ምክንያቱም የ36 ዲ፣ የ38 ሲ እና የ40 ቢ ካፕ ስፋቱ አንድ ነው። ቀበቶው ግን 10 ሴንቲ ያህል ይሰፋታል። ከዚያ ማንገቻውን እስኪቆርጣት ድረስ ታሳጥራለች። በራስ እጅ መስፋት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ የደረቱንና የካፑን ልክ ለየብቻ መቁረጥ ይቻላል። አንዱ ጡት ከሌላው ቢበልጥም (ብዙ ሴት ላይ ያለ ነገር ነው) ሁለቱን ካፕ በተለያየ ልክ መቁረጥ ነው።

«ዚግዛግ የሌለው ሲንጀር ጡት ማስያዣ አይሰፋም»

ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጣቸው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው።

አባባሉ የተነሣው ከእውነት ነው። ላስቲክ በቀጥታ ስፌት በርዝመቱ ከተሰፋ፣ ሲለበስ ላስቲኩ ይሳባል፣ ክሩ ግን አይሳብም፤ ስለዚህ ይበጠሳል። ዚግዛግ ክሩ እንደ ላስቲኩ እንዲረዝም ቦታ ይሰጠዋል። ነገር ግን ክር የሚበጠሰው ስፌቱ ላስቲኩ በሚሳብበት አቅጣጫ ሲሄድ ብቻ ነው። ላስቲኩን አቋርጦ የሚያልፍ ስፌት ላይ ያ ጫና ስለማይደርስ ቀጥታ ስፌት ይበቃዋል። እንግዲህ መላው፣ ላስቲክን በርዝመቱ የሚሰፋ መስመር የሌለበት ጡት ማስያዣ መሥራት ነው።

እንዲህ ይሠራል። ፊቱና ጎኑ በሙሉ ከማይሳብ ጨርቅ፣ ባለ ገበር ሆኖ ይሰፋል። ከኋላ በግራና በቀኝ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ስፋት ያለው ጠንካራ ላስቲክ ይገባል፤ ጫፉ ላይ መንጠቆው ይያያዛል። የመንጠቆው ጥብጣብ ቁመት ከላስቲኩ ስፋት ጋር እኩል ይሁን፤ አለበለዚያ ጫፉ ይታጠፋል። ከላይ ያነሳናት የ79 ሴንቲ ደረት ያላት ሴት ስትሆን የማይሳበው ጨርቅ ተሰፍቶ ሲያልቅ 47፣ ላስቲኩ በእያንዳንዱ ጎን 10፣ የተቆለፈው መንጠቆ 5 ሴንቲ ይሁን። ድምሩ 72 ነው። ሲለበስ ላስቲኩ 7 ሴንቲ ተስቦ 79 ይሞላል፤ ቀበቶውን ደረት ላይ የሚያጸናው ይኸው መሳብ ነው። ለሌላ ልክ ከደረት ዙሪያ ላይ 32 ቀንሱ፤ የሚቀረው የጨርቁ ርዝመት ነው።

ላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። ከመሰፋቱ በፊት በስፒል አያይዛችሁ ልበሱት። ሁለት ጣት ከሥሩ በትንሽ ጭንቀት ከገባ ልክ ነው። ካላስገባ በእያንዳንዱ ጎን 1 ሴንቲ ጨምሩ፤ እጅ ሙሉ ከገባ ቀንሱ። ላስቲኩን ከጨርቁ ጋር ስታገናኙ የስፌት ትርፉን (ከስፌቱ መስመር ውጪ የሚቀረውን ጠርዝ) 1 ሴንቲ አድርጉና ሁለት ጊዜ፣ በ3 ሚሊ ሜትር ርቀት ስፉት። ለሁለቱ ጎን በጠቅላላ 24 ሴንቲ ላስቲክ ይበቃል።

የቀበቶው የታችና የብብቱ ጠርዝ ገበሩ ሲገለበጥ በውስጥ ስለሚደበቅ ላስቲክ አያስፈልገውም። በሚሳብ ጨርቅ መሥራት የሚፈልግ ሰው ግን ዚግዛግ ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ ሌላውን እቤት ጨርሶ የላስቲኩን መስመር ብቻ ዚግዛግ ላለው ሰፊ መስጠት ይቻላል፤ ሐረር ላይ መኪና ግርግር ካሉት ሰፊዎች መጠየቅ ነው።

«ጨርቁ የግድ የሚሳብ መሆን አለበት»

ሜሪ ፌልፕስ ጄኮብ የተባለች አሜሪካዊት በ1914 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘችበት ጡት ማስያዣ መነሻው ሁለት መሐረብና ጥብጣብ ነበር። ላይክራ የምንለው ተለጣጭ ክር ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ የተፈለሰፈው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። በመሃሉ ባሉት ዓመታት ብዙ ጡት ማስያዣ በማይሳብ ጨርቅ ይሠራ ነበር።

እንዲያውም ለካፑ የሚሳብ ጨርቅ ጠላት ነው። ጠዋት ልክ የነበረው ከሰዓት ይወርዳል። ጥብቅ የጥጥ ፖፕሊን ከገበሩ ጋር ካፑን በቅርጹ ያቆየዋል፤ ለአንድ ጡት ማስያዣ ግማሽ ሜትር ይበቃል፣ የቀሚስ ትራፊም ይሆናል። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ይተኮስ።

አቆራረጡ ላይ ዋናው ነገር የጨርቁ አቅጣጫ ነው። እንደ ፖፕሊን ያለ የተሸመነ ጨርቅ የዳሩን መስመር ተከትላችሁ በቁመቱ ስትጎትቱት አይሳብም፤ በሰያፍ ስትጎትቱት ግን ይለጠጣል። ስለዚህ የማይሳበው ቁመት ደረቱን እንዲዞር ቀበቶው ተኝቶ ይቆረጥ። የካፑ የላይኛው ጠርዝም በቁመቱ መስመር ላይ ይዋል። ይህ ጠርዝ በሰያፍ ከተቆረጠ በሳምንት ውስጥ ተለጥጦ ይከፈታል፤ ብዙ ሴት «ካፑ በዛብኝ» ብላ የምታሳንሰው ልኩ ሳይሆን አቆራረጡ የተበላሸውን ነው። ማንገቻም በሰያፍ አይቆረጥም።

«2 ሚሊ ሜትር ምን አላት?»

ቀሚስ ላይ ምንም፤ እዚህ ብዙ ናት። የካፑ የስፌት ትርፍ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ስፌት ያለው ካፕ ላይ በእያንዳንዱ ስፌት 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ከገባችሁ፣ ከሁለቱም ቁራጭ ስለሚበላ 4 ሚሊ ሜትር በአንድ ስፌት፣ 8 ሚሊ ሜትር በሁለቱ ይሆናል። በአንድ ፊደልና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት በሁለቱ ጡት 2 ሴንቲ፣ በአንዱ 1 ሴንቲ ነው። ስለዚህ ዲ የቆረጠ ሰው ወደ ሲ የቀረበ ሰፍቶ ይነሣል። የሲንጀሩ እግር አጠገብ ከመርፌው 6 ሚሊ ሜትር ለክታችሁ ፕላስተር ለጥፉና ጨርቁን በዚያ አስጠግታችሁ ንዱ።

የስፌቱ ርዝመት 2 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ከረዘመ ጎባጣው መስመር ማዕዘን ያወጣል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር በላብና በእጥበት ቶሎ ያረጃል። መጀመሪያ የታችኛው ካፕ ሁለት ቁራጭ ይገጠማል፣ ስፌቱ ወዲህና ወዲያ ተከፍቶ ከላይ በ2 ሚሊ ሜትር ርቀት ግራና ቀኙ ይደገማል። ከዚያ የላይኛው ቁራጭ ይመጣል። ሁለት ጎባጣ ጠርዝ ሲገጠም አንዱ የሚረዝም ይመስላል፤ ስትሰፉ አትጎትቱት። መሃሉንና ሁለቱን ጫፍ በስፒል ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አብራችሁ ንዱት።

የመጀመሪያውን ካፕ ሁልጊዜ በአቡጀዲ ሞክሩ። ከላይ ክፍት ሆኖ ከቀረ ትርፉን በጣት ቆንጥጣችሁ በስፒል ያዙትና ከላይኛው ቁራጭ ላይ፣ ወደ ጡቱ ጫፍ እየቀጠነ እንዲጠፋ አድርጋችሁ ቀንሱ። ጡት ከላይ ከፈሰሰ በዚያው መስመር ላይ ጨምሩ። ሁለቱን ካፕ የሚያገናኘው የመሃል ቁራጭ ደረትን የማይነካ ከሆነ የጠበበው ካፑ ነው፤ ቀበቶውን አትንኩ።

«አሮጌውን ፈትቶ መገልበጥ ይበቃል»

ቅርጹን ለማየት ይጠቅማል፤ መንጠቆው፣ ቀለበቱና ሽቦውም ደህና ከሆኑ ይወሰዳሉ። ልኩን ግን ከእሱ አትውሰዱ። ላስቲኩ አርጅቶ ረዝሟል፣ ካፑ ተለጥጧል። ቁራጮቹን ካርቶን ላይ አንጥፋችሁ ከዞራችሁ በኋላ የቀበቶውን ርዝመት ከራሳችሁ ደረት በለካችሁት ተኩት።

«ሽቦና ስፖንጅ ከሌለው አይደግፍም»

ስፖንጅ ቅርጽ ያሳምራል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ድሬዳዋ ላይ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ስፖንጅ ላብ ይዞ ይውላል፤ ከጡት ሥር የሚወጣው ሽፍታና መላላጥ እርጥበትና መፋተግ የሚያመጡት ነው። የጥጥ ገበር ላቡን ይመጥጣል፤ ቀን መካከል የሚቀየር ሌላ ቢኖር ደግሞ ቆዳው ያርፋል።

ሽቦ ይረዳል፣ ግዴታ ግን አይደለም። ያለ ሽቦ ሲሠራ ከካፑ ሥር ያለው የቀበቶ ክፍል ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ይውረድ፤ ጠባብ ከሆነ ይጠቀለላል። የሽቦ ልክ የሚታወቀው ጡት ከደረት ጋር በሚገናኝበት እጥፋት ላይ ነው፤ ጡት ላይ ያረፈ ሽቦ ጠቧል። ማስገቢያው ከሽቦው በሁለቱም ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር ይርዘም፤ ሲለበስ ሽቦው ስለሚከፈት ያ ክፍተት ከሌለ ጨርቁን በስቶ ይወጣል። ጫፉን ስትዘጉ አራት አምስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ስፉ። የምታጠባ እናት ግን ሽቦ ባታደርግ ይሻላል፤ ጡት ላይ የሚጫን ሽቦ የወተት መውረጃን ሊዘጋ ይችላል።

«ሽቦ ያለው ጡት ማስያዣ ካንሰር ያመጣል»

አያመጣም። ሲያትል የሚገኘው የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ማረጥ ላይ የደረሱ ሴቶችን ጠይቆ ጡት ማስያዣ ማድረግም ሆነ ሽቦው ከጡት ካንሰር ጋር ግንኙነት እንደሌለው አሳይቷል። ጡታችሁ ላይ እብጠት ያገኛችሁ እንደሆነ ሽቦ አውልቃችሁ አትጠብቁ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

«ቤት የተሰፋ ቶሎ ይበላሻል»

ቀድሞ የሚሞተው ላስቲኩ ነው፤ የገዛችሁትም ላይ እንዲሁ ነው። በረኪና ተለጣጩን ክር ይበላዋል፣ የፈላ ውኃና የቀጥታ ፀሐይም ያደርቁታል። ለብ ባለ ውኃ በእጅ እጠቡት፣ አትጠምዝዙት፣ ጥላ ውስጥ አስጡት። ላስቲኩ ሲደክም ደግሞ በየጎኑ ሁለት አጫጭር ስፌት ፈትታችሁ አዲስ 10 ሴንቲ ታስገባላችሁ፤ ካፑና ገበሩ ሳይነካ ይቀጥላል።