የሪፖርት አጻጻፍ በመሐል አዲስ አበባ

ሪፖርት አንድ ሰው የሠራውን ወይም ያጠናውን ነገር ውሳኔ ለሚሰጥ ሰው የሚያቀርብበት ጽሑፍ ነው። መሐል አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ ጽሑፍ የሚያመልጥ ጥቂት ነው። አራት ኪሎ የሳይንስ ተማሪው የቤተ ሙከራ ሪፖርት ያስረክባል። አምስት ኪሎ የምህንድስና ተማሪው የተግባር ልምምዱን ይጽፋል። በየሚኒስቴሩ ያለው ባለሙያ ደግሞ የሩብ ዓመት አፈጻጸሙን ያጠናቅራል።

ከትምህርት ወደ ሥራ ሲኬድ መጀመሪያ የሚለወጠው ቋንቋው ነው። ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱም ሪፖርቱም በእንግሊዝኛ ነው። ተመራቂው ፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲገባ ግን አማርኛ ይጠብቀዋል፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በአማርኛ ሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ ቁጭ አድርጎ የሚያሳየው ሰው ብዙም አያገኝም። ስለዚህ የአምናውን ፋይል ይከፍታል፣ ዓመቱንና ቁጥሩን ይቀይራል፣ ያስገባል። የአምናው ድክመትም አብሮ ይገለበጣል። ያሳዝናል፤ ልጁ መጻፍ አቅቶት አይደለምና።

ቅርጹ ብዙ አያስቸግርም። መግቢያ፣ ዓላማ፣ የተከናወኑ ተግባራት፣ ያጋጠሙ ችግሮች፣ የተወሰዱ መፍትሔዎች፣ ማጠቃለያ። ከላይ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ያለው መሸኛ ደብዳቤ ይያያዛል።

ከባዱ ዐረፍተ ነገሩ ነው። አንድ ምሳሌ እንይ፦ «ለበርካታ ሠራተኞች ሥልጠና ተሰጥቷል፤ አበረታች ውጤትም ተገኝቷል።» ማን ሰጠ? ለስንት ሰው? ምን ተለወጠ? አንባቢው የሚይዘው ነገር የለም። እንዲህ ቢጻፍስ? «የሰው ሀብት ክፍሉ ከጥቅምት 5 እስከ 7 ለ80 የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ሥልጠና ሰጥቷል። ዕቅዱ 120 ነበር። አዳራሹ ከ80 ሰው በላይ ስለማይዝ 40ዎቹ በኅዳር ይሠለጥናሉ።» ይኼኛው ጉድለቱን አይደብቅም። ኃላፊውም ሲያነበው ሰፋ ያለ አዳራሽ መፈለግ እንዳለበት ወዲያው ይገባዋል። «67 በመቶ ተከናውኗል» ብሎ ማለፍም አይበቃም፤ ከስንቱ እንደሆነ አብሮ መነገር አለበት።

ችግሮች የሚዘረዘሩበት ክፍል ደግሞ የሁሉም ቢሮ አንድ ዓይነት ነው፦ የበጀት እጥረት፣ የተሽከርካሪ እጥረት፣ የኔትወርክ መቆራረጥ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ኔትወርኩ ስንት ቀን እንደጠፋና ስንት ባለጉዳይ ሳይስተናገድ እንደተመለሰ ካልተጻፈ ማንም አይደነግጥበትም። ጉዳቱ እዚያ ላይ አይቆምም። የሚኒስቴሮች ሪፖርት አራት ኪሎ ወዳለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ወደ ቋሚ ኮሚቴዎቹ ይሄዳል። ታች አንድ ባለሙያ በግምት የሞላው ቁጥር እየተደመረ እዚያ ድረስ ይደርሳል።

የሪፖርት ሰሞን የሚመጣው የበጀት ዓመቱን ተከትሎ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ መጋቢትና ሰኔ ሲያልቁ ቢሮው ሁሉ ይጨናነቃል። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጳጉሜንን ስለሚጨምር 95 ቀን ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ 96 ይሆናል። የቀን አማካይ የሚያሰላ ሰው ይህን ከረሳ ሒሳቡ ይዛባል። ለውጭ ለጋሽ የሚጽፍ ድርጅት ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይሄዳል። ያኔ ከዓመቱ ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካልተጻፈ ሁለት አንባቢ ሁለት የተለያየ ጊዜ ይረዳል።

ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ አካባቢ ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ተጠርዞ መውጣት ይቻላል። ከመጠረዙ በፊት ግን ፊደሉን ማየት ይገባል። በአንድ ሪፖርት ውስጥ አንዴ «ሥራ» አንዴ «ስራ» ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ሲፈልግ ሁለቱን የተለያየ ቃል አድርጎ ሊያያቸው ይችላል። የሰው ስም ላይ ደግሞ ይብሳል። ስሙ በባለቤቱ የማንነት ሰነድ ላይ እንዳለው መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ሠልጣኙ የምስክር ወረቀቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ዝርዝሩ ላይ አይገኝም።